ኤች-4፦ የመኪናችን የፊት አምፖልና አቀያየሩ

ማታ በአገር አቋራጭ መንገድ ላይ ከፊት አንድ መብራት ብቻ ሲመጣ አሽከርካሪው ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ ነው ብሎ ይገምታል፤ በግምቱ ልክም ቦታ ይለቅለታል። የመጣው ግን የግራ መብራቱ የጠፋ አይሱዙ ሊሆን ይችላል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ፣ በጨለማ የተዋጠው የአይሱዙ ግማሽ አካል ያለው ልክ በአሽከርካሪው በኩል ነው። ይህን ሁሉ አደጋ የሚያመጣው በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ በደቂቃዎች የሚቀየር አንድ አምፖል ነው። ይህን ሥራ ማንኛውም ባለመኪና ቢያውቀው ደስ ይለኛል፤ ለዚህም አምፖሉን ራሱን መተዋወቅ ይቀድማል።

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ብዙዎቹ የቆዩ ኮሮላዎችና ሃይሉክሶች የሚጠቀሙት ኤች-4 የሚባለውን አምፖል ነው። ዘሩ ሃሎጅን ነው። የሃሎጅን አምፖልን የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1959 ያስመዘገቡት በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠሩ የነበሩት ኤልመር ፍሪድሪችና ኤሜት ዋይሊ ናቸው። በ1962 አውሮፓ ውስጥ ኤች-1 በሚል ስም ለመኪና ዋለ፤ ኤች-4 የመጣው ደግሞ በ1971 ነው። የኤች-1 አምፖል አንድ ክር ብቻ ስለነበረው ለረጅምና ለአጭር መብራት የተለያየ አምፖል ያስፈልግ ነበር። ኤች-4 ሁለቱን በአንድ ብልቃጥ አዋሃደ፦ 60 ዋት ለረጅሙ፣ 55 ዋት ለአጭሩ።

ክሩ የሚሠራበት ተንግስተን ሲግል ቀስ በቀስ ይተናል። በድሮው ዓይነት አምፖል ትነቱ መስታወቱ ላይ እየተለጠፈ ያጠቁረዋል፤ ክሩም እየሳሳ ሄዶ ይበጠሳል። በሃሎጅን አምፖል ውስጥ ግን ጥቂት አዮዲን ወይም ብሮሚን አለ። እሱ የተነነውን ተንግስተን ይይዘዋል፤ ክሩ አጠገብ ያለው ከፍተኛ ሙቀት ዘንድ ሲደርስ ይለቀዋል፤ ተንግስተኑም ተመልሶ ክሩ ላይ ያርፋል። ይህ ዑደት እንዳይቋረጥ የብልቃጡ ግድግዳ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መጋል አለበት። አምፖሉ ያን ያህል ትንሽ የሆነውና ሙቀት ከሚችል ኳርትዝ ወይም ጠንካራ መስታወት የሚሠራው ለዚህ ነው።

«መስታወቱን በእጅህ አትንካ» የሚባለውም ከዚሁ ይመጣል። የጣት ወዝ በጋለ መስታወት ላይ ሲቃጠል ያን ቦታ ከሌላው ለይቶ ያግለዋል፤ መስታወቱም በዚያ በኩል ይዳከማል። አምፖሉ የሚያዘው በብረት እግሩ ነው። ከተነካ ደግሞ በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረግና እስኪደርቅ ይቆያል።

አዲስ ኤች-4 ካገኙ ወደ ዓይንዎ ጠጋ አድርገው ይመልከቱት። ሁለት ጥቃቅን ጥቅልል ክሮች ይታያሉ። ከፊተኛው ክር ሥር እንደ ማንኪያ የጎደጎደች ትንሽ ብረት ተቀምጣለች። የአጭሩ መብራት ምሥጢር እሷ ናት፦ ብርሃኑ ወደ ታች እንዳይወርድ ትጋርደዋለች፤ የአንጸባራቂው የላይኛው ግማሽ ብቻ ይበራና ጨረሩን ወደ መንገዱ ዝቅ አድርጎ ይልከዋል። ጋሻ የሌለው የረጅሙ መብራት ክር ግን መላውን አንጸባራቂ ይጠቀማል። የክሮቹ ቦታ የሚለካው በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ነው። የአምፖሉ ሦስት የብረት ጆሮዎች እኩል ያልሆኑትም ለዚህ ነው፤ ሰፊዋ ጆሮ ከላይ ካልሆነች አምፖሉ በትክክል አይገባም፤ በግድ ከገባ ደግሞ ብርሃኑ ሌላ አቅጣጫ ይይዛል።

አሁን ወደ ሥራው። ሁለቱም መብራቶች በአንድ ጊዜ ከጠፉ መጀመሪያ ፊውዙንና ሪሌውን ይዩ፤ ሁለት አምፖል በአንድ ሌሊት መቃጠሉ ብርቅ ነው። አንዱ ብቻ ከጠፋ ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን ነቅለው አምፖሉ እስኪበርድ ይጠብቁና ኮፈኖውን ይክፈቱ። ከመብራቱ ጀርባ ባለ ሦስት እግር ሶኬት አለ፤ ሽቦውን ሳይሆን ሶኬቱን ራሱን ይዘው፣ ግራና ቀኝ ነቅነቅ እያደረጉ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ከሥሩ ያለውን የጎማ ክዳን ሲያነሡ አምፖሉን የያዘች ቀጭን የሽቦ ስፕሪንግ ትገኛለች። ገፋ አድርገው ከመንጠቆዋ ያላቅቋት፤ አሮጌው አምፖል ይወጣል። አዲሱን ሰፊዋን ጆሮ ወደ ላይ አድርገው ያስገቡ፤ ስፕሪንጓን ይመልሱ፤ ጎማውን ዙሪያውን በደንብ ያስቀምጡ፤ ሶኬቱን ይሰኩ። ጎማውን እንደ ትርፍ ዕቃ የሚጥሉ አሉ፤ አይጣል። እሱ ከሌለ አቧራና እርጥበት ገብተው አንጸባራቂውን ያደበዝዙታል፤ የደበዘዘ አንጸባራቂን ደግሞ አዲስ አምፖል አያድሰውም። በአንዳንድ መኪና በአንድ በኩል ባትሪው ወይም የአየር ማጣሪያው እጅ ስለማያስገባ እሱን ማንሣት ይጠይቃል።

አሮጌውን አምፖል ከመጣልዎ በፊት ያገላብጡት። ውስጡ ነጭ ጭስ የመሰለ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ ከጠቆረና ክሩ ከተበጠሰ ዕድሜውን ጨርሷል። ሶኬቱ ቀልጦ ወይም ቡኒ ሆኖ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የአምፖሉ ብቻ አይደለም፤ ሶኬቱም ይቀየር። ጤናማው ወገንም ያንኑ ያህል ስላገለገለ ሁለቱን አብሮ መቀየር ይሻላል።

ግዢው ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመለዋወጫ ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ቁጥሩ እግሩ ላይ ተጽፏል። 100 እና 90 ዋት የሆነ «ጠንካራ» አምፖል ሲቀርብልዎ እምቢ ይበሉ፤ ለ60 እና 55 የተዘጋጀ ሽቦና ሶኬት ይግልበታል። በሃሎጅን ቤት ውስጥ የሚሰካ ኤልኢዲንም አልመክርም። ለሾፌሩ ደማቅ ይመስላል፤ ብርሃኑ የሚወጣበት ቦታና ቅርጽ ግን እንደ ክሩ ስላልሆነ ጨረሩ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። መኪናው ከፋብሪካ ዜኖን ይዞ ከመጣ ደግሞ ቤት ውስጥ አይነካካ፤ ሲነሣ ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚያመነጭ ለባለሙያ ይተው።

በኛ አገር ሌላም የሚታለፍ ነገር አለ። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግራለች፤ ጃፓን ግን ዛሬም በግራ ትነዳለች። ከዚያ ገበያ የመጣ መኪና መሪው ሲዛወር የፊት መብራቱ ሳይቀየር ከቀረ፣ የአጭሩ መብራት ጨረር ከፍ የሚለው በግራ ነው፤ ማለትም በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ። ይህ ቅርጽ የተሠራው በመብራቱ ቤት ውስጥ ስለሆነ አምፖል በመቀየር አይስተካከልም። መፍትሔው በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ መብራት መግጠም ብቻ ነው፤ ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም።

ሥራው የሚያልቀው ግድግዳ ፊት ነው። ጎማዎቹ በልካቸው ተነፍተው መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ያቁሙ፤ የሾፌሩ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ። የመብራቱን መሀል ከመሬት ለክተው ግድግዳው ላይ ከዚያ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ምልክት ያድርጉ። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ እዚያ ላይ ማረፍ አለበት፤ በቀኝ በኩል ትንሽ ከፍ ማለቱ የተገባ ነው። መብራቱ 65 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ጠርዙ መንገዱን የሚነካው 65 ሜትር ላይ ይሆናል ማለት ነው። ካልተገጣጠመ ከመብራቱ ጀርባ ማስተካከያ ብሎን አለ፤ በካቻቪቴ ቀስ እያሉ ያዙሩት። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላውን ራቅ ብሎ በተያዘ ካርቶን ይጋርዱ፤ ጨርቅ አያልብሱት፤ የፊቱ ፕላስቲክ በሙቀት ይጎዳል።