ጉድጓዱ ሐይቅ ሲሆን፤ ከመዋኘት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው

በምሥራቅ ጀርመን ሕዝብ በበጋ ወራት ለዋና ከሚጎርፍባቸው ሐይቆች ብዙዎቹ ከ60 ዓመት በፊት በካርታ ላይ አይገኙም ነበር። ከበርሊን በስተደቡብ ላውዚትስ በሚባለው አካባቢና በላይፕሲግ ከተማ ዙሪያ መሬቱ ለአሥርት ዓመታት ቡናማ የድንጋይ ከሰል ሲወጣበት ቆይቷል። ከሰሉ የሚወጣው በዋሻ ውስጥ ተገብቶ አይደለም። የላይኛው አፈር በግዙፍ ማሽን እየተገፈፈ፣ መንደሮችም ከቦታቸው እየተነሡ፣ መሬቱ በሰፊው ይከፈታል። ሁለቱ ጀርመኖች እ.አ.አ በ1990 ሲዋሐዱ አብዛኞቹ ማውጫዎች ተዘጉ። ጉድጓዱን ለማድረቅ ቀን ከሌት ይሠሩ የነበሩ ፓምፖች ሲቆሙ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከወንዞችም ውሃ ተጠልፎ ተጨመረበት።

ዛሬ በላውዚትስ ብቻ ከ20 በላይ እንዲህ ያሉ ሰው ሠራሽ ሐይቆች አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ የዜንፍተንበርግ ሐይቅ ሲሆን የመዋኛ ዳርቻው እ.አ.አ በ1973 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ስፋቱም ወደ 1 ሺህ 300 ሄክታር ይደርሳል። በላይፕሲግ አቅራቢያ ያለው የኮስፑደን ሐይቅ ደግሞ እ.አ.አ በ2000 ተከፍቶ የከተማዋ ነዋሪዎች የሚዋኙበት፣ በጀልባ የሚንሸራሸሩበት፣ ዙሪያውን በብስክሌት የሚዞሩበት ቦታ ሆኗል።

ለጤና የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ፣ ልጆች ደግሞ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ውሃ የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም ዋና ጉልበቱን ወይም ወገቡን ለሚያመው ሰው ከሩጫ ይቀላል። በእግር ወይም በብስክሌት ሐይቅ ዙሪያ መንሸራሸርም አእምሮን ያሳርፋል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው የፈለግነው ግን ሌላ ነገር ነው። ከቁፋሮ የተረፈ ጉድጓድ ውሃ ስለሞላ ብቻ ሐይቅ አይሆንም። ጀርመኖች ዋና የሚዋኙበት ቦታ ለማድረግ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል፤ ያም ሆኖ አደጋ ደርሶባቸዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ድንጋይ ተፈልጦ የተተወ ካባ፣ ለመንገድ ሥራ ሰሌክት አፈር የተዛቀበት ጉድጓድ በክረምት ውሃ ይሞላል። በማግስቱ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይገቡበታል። በመካከል የተሠራ አንዳች ሥራ የለም።

ከዳርቻው እንጀምር። የተፈጥሮ ሐይቅ ዳር በሺህ ዓመታት ማዕበል ተደልድሎ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። የማዕድን ጉድጓድ ዳር ግን ወይ ቀጥ ያለ ገደል ነው፣ ወይም ከሌላ ቦታ ተዝቆ የተደፋ ልል አፈር። ልል አሸዋ ከሥሩ ውሃ ሲገባበት በትንሽ ንዝረት እንኳ ድንገት እንደ ቀጭን ሊጥ ሊፈስ ይችላል። እ.አ.አ ሐምሌ 18 ቀን 2009 ናኽተርሽቴት በምትባል የጀርመን መንደር የሆነው የዳርቻውን አደገኝነት ያሳያል። ቀድሞ የከሰል ማውጫ በነበረውና ውሃ እየሞላ በነበረው የኮንኮርዲያ ሐይቅ ዳር ያለው ቁልቁለት ከነመኖሪያ ቤቱ ወደ ውሃው ተንሸራትቶ 3 ሰዎች ሞቱ። ሐይቁ ወዲያው ተዘጋ። በከፊል እንደገና የተከፈተው ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ለዚህ ነው እዚያ አገር አንድ ዳርቻ ለሕዝብ ከመፈቀዱ በፊት አፈሩ በሚንቀጠቀጥ ብረት፣ አንዳንዴም በፈንጂ ሳይቀር፣ እንዲጠቀጠቅ የሚደረገው። ያልተጠቀጠቀው ይታጠርና መግባት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ ይተከልበታል። የሚዋኘው ሰውም ሰሌዳው ከፈቀደለት ዳርቻ አይወጣም።

ሁለተኛው ውሃው ራሱ ነው። ከከሰሉ ጋር በሚገኘው አፈር ውስጥ ብረትና ድኝ የያዘ ፒራይት የተባለ ማዕድን አለ። ይህ ማዕድን ሲቆፈር አየር ያገኘዋል፤ ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝም ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። የአንዳንዶቹ አዳዲስ ሐይቆች ውሃ የአሲድነት መለኪያ ወደ 3 ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ይህም ወደ ኮምጣጤ የተጠጋ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ዓሣ አይኖርም፣ የዋናተኛም ዓይን ይቃጠላል። ጀርመኖች በመርከብ ኖራ እየበተኑ አሲዱን ያረክሱታል። ይህም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ሥራ አይደለም።

ሰው በዓይኑ አይቶ ውሃው ንጹሕ መሆኑን አውቃለሁ ይላል። ዓይን እዚህ ላይ ያታልላል። በእንግሊዝ ባክስተን ከተማ አጠገብ የኖራ ድንጋይ ሲወጣበት የነበረ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶ እንደ ሰማይ የጠራ ሰማያዊ ቀለም ያዘ። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሊዋኝበት ይመጣ ጀመር። ውሃው ግን የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ መለኪያው 11.3 በመሆኑ ለጽዳት ከምንጠቀምበት አሞኒያ ብዙም የማይርቅ፣ ቆዳን የሚያሳክክ፣ ዓይንን የሚጎዳ ነበር። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳውን የሚሰማ ሲጠፋ የአካባቢው ምክር ቤት እ.አ.አ በ2013 ውሃውን ጥቁር ቀለም አስነከረው። ማንም እንዳያምረው ማለት ነው። ከሰሌዳ ይልቅ ቀለሙ ሳይሻል አልቀረም።

ሦስተኛው ቅዝቃዜ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛውን ውሃ ብቻ ነው፤ ጥቂት ሜትር ዝቅ ሲባል ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል። ሰውነት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ድንገት ሲገባ ሰው ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይንራል። ያ የመጀመሪያው ስበት አፍ ውሃ ውስጥ እያለ ከመጣ ውሃው በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል። ጎበዝ ዋናተኞች ሳይቀሩ ከዳር ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ የሚሰጥሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ የበለጠ ይጋለጣል። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ለመዋኘት መታገል የለበትም። በጀርባው ተንጋልሎ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ትንፋሹ እስኪረጋጋ አንድ ሁለት ደቂቃ መንሳፈፍ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። በክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዝናቡ ይበረታል፣ በአዲስ አበባ ዳርቻና በዙሪያዋ ያሉ ካባዎች ይሞላሉ። የከተማዋ የእሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን በየክረምቱ ውሃ ካቆሩ ጉድጓዶች ልጆችን እንድንጠብቅ የሚያሳስበው በምክንያት ነው። ጠላቂ ሠራተኞቹ ከእነዚህ ጉድጓዶች ሕፃናትንና ወጣቶችን አስከሬን ሆነው ሲያወጡ ኖረዋል።

ካባን አደገኛ የሚያደርገው ጥልቀቱ ብቻ አይደለም። የዝናብ ውሃው ጭቃ የቀላቀለ ስለሆነ ከጉልበት በታች ያለው አይታይም። አንድ እርምጃ ላይ ወገብ የሚደርሰው በሚቀጥለው እርምጃ ከቁመት በላይ ይሆናል። ከሥር የቀረ ድንጋይና ብረት ስላለ ዘሎ በጭንቅላቱ የገባ ወጣት አንገቱ ሊሰበር ይችላል፤ እንዲህ ያለ ጉዳት ከሞት ቢያተርፍ እንኳ ዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ጭቃው እግር ይይዛል። ግድግዳው ቀጥ ያለና የሚያዳልጥ በመሆኑ የገባው ልጅ መውጫ ያጣል። ጓደኛው እጁን ሊሰጠው ሲጎነበስ አብሮት ይገባል። ሁለትና ሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ የሚሞቱት በአብዛኛው እንዲህ ነው። የሐይቅ ዳር ልጅ ሆኖ ዋና መቻልም ዋስትና አይሆንም። የቢሾፍቱን ሐይቆች የሚያውቅ ሰው ውሃ ከዳሩ ጀምሮ ሊጠልቅ እንደሚችል አይጠፋውም፤ የሐይቁ ጥልቀት ግን በነዋሪው ዘንድ የታወቀ ነው፣ የካባው ግን በየቁፋሮው ይለዋወጣል።

የቆመ ውሃ በሽታም አለው። ቆላማና ወይና ደጋ በሆኑ ቦታዎች የወባ ትንኝ ይራባበታል፤ ቀንድ አውጣ ካለበትም ብልሃርዝያ ሊያሲዝ ይችላል። ቆሻሻ የሚጣልበት ከሆነ ተቅማጥና የቆዳ ቁስል ያመጣል።

ልጅን «አትሂድ» ብሎ መቆጣት ብቻውን ብዙ እንደማይሠራ ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ለልጁ ምክንያቱን መንገር፣ ከትምህርት ውጭ ያለውን ቀኑን በኳስም በሌላም ጨዋታ መያዝ፣ የሚቻል ከሆነ ጠባቂ ባለበት መዋኛ ዋና እንዲማር ማድረግ ይበልጣል። የጉድጓዱ ጉዳይ ግን የወላጅ ብቻ አይደለም። በአገራችን የማዕድን ሕግ መሠረት ባለፈቃዱ የቆፈረውን መሬት መልሶ የማስተካከል ኃላፊነት አለበት። በሰፈራችሁ ያልታጠረና ያልተደፈነ ካባ ካለ ለወረዳው ማሳወቅ፣ እስኪደፈን ድረስም በእሾህ እንኳ ቢሆን ማጠር ይገባል።

እየሰጠመ ያለ ሰው እንደ ፊልም አይጮኽም፣ እጁንም አያወዛውዝም። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ አፉ ከውሃው ወለል ጋር እኩል ይሆናል፣ ድምፅ የለውም። ይህን ያየ ሰው ተከትሎ ዘሎ መግባት የለበትም። ረጅም እንጨት፣ ገመድ፣ ሁለት ጋቢ ተቋጥሮም ቢሆን ይወርወርለት። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አንድን ሰው ያንሳፍፋል፤ በገመድ ታስሮ ቢወረወር ብዙ ሕይወት ያተርፋል። ሌላው ሰው ወዲያውኑ በአዲስ አበባ ወደ 939 ይደውል።

ከውሃ የወጣው ሰው የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን መጫን ወይም እግሩን ይዞ መዘቅዘቅ አያስፈልግም። ይህ በየሰፈሩ የሚደረግ ነገር ጊዜ ያባክናል፣ የሆድ ዕቃው ወደ ሳንባ እንዲገባም ያደርጋል። የሰጠመ ሰው ያጣው አየር ስለሆነ በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት ይቀድማል። ከዚያ ደረቱን መሐል ለመሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሆነ ፍጥነት 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፣ እርዳታ እስኪደርስ እየደጋገሙ መቀጠል ነው። ለአዋቂ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ለልጅ የደረቱን ውፍረት ሲሶ ያህል ዝቅ እስኪል ይጫናል። መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኝቶ እርጥብ ልብሱን አውልቆ በደረቅ ልብስ መሸፈን ይገባል።

ነቅቶ መናገር ቢጀምር፣ ደህና ነኝ ቢልም፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ሳንባው ውስጥ የገባው ውሃ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ወይም የከንፈር መጥቆር ከታየበት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሐኪም ሊያየው ይገባል።