ቀይዋ መስመር ወርቅ ናት

ከደባርቅና ከዳባት ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ፣ ትኩሳት ሳይለቀው ጣፊያው አብጦ የተመለሰ ወጣት ወባ ካልተገኘበት አርኬ39 የተባለው የካላዛር ምርመራ ይታዘዝለታል። አንዲት ጠብታ ደም መመርመሪያ ስትሪፑ ላይ ይደረጋል፤ ሰውነት ለበሽታው የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ካለ ቀይ መስመር ብቅ ይላል። ቅላቱ የወርቅ ነው! ወርቅ ቅንጣቱ በአስርታት ናኖሜትር እስኪለካ ሲያንስ ቢጫነቱን ትቶ ይቀላል። ናኖቴክኖሎጂ ማለት ይኸው ነው።

ችግሩ፣ ስትሪፑ የሚያየው የካላዛርን ተውሳክ ሳይሆን ሰውነታችን የሰጠውን ምላሽ ነው። ታክሞ የዳነ ሰውም ለወራት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሽታው ማገርሸቱን ለማረጋገጥ ዛሬም መርፌ ጣፊያ ወይም መቅኔ ውስጥ ይገባል፤ ጣፊያን መውጋት ደግሞ ደም የማፍሰስ አደጋ አለው።

የደባርቅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ርዕስ ስትመርጡ እባካችሁ እዚህ ላይ አተኩሩ፦ የተውሳኩን አንቲጅን ከሽንት የሚይዝ ስትሪፕ። አንቲጅኑን ከሽንት ለመያዝ የተሞከረው ካቴክስ የተባለ ምርመራ ብዙ ሕሙማን ያመልጡታል።