ዜማ ፍለጋ ወደ ጋይንት

ሰውን ከቀዬው አስነሥቶ ረጅም መንገድ ብቻውን የሚያስኬደው ጉዳይ ሲቆጠር ንግድ፣ ዘመቻ፣ ሹመትና ስእለት በቅድሚያ ይነሣሉ፤ የወደደውን ዜማ ከምንጩ ለመስማት ሲል ብቻ ስንቁን ቋጥሮ የሚነሣውን ሰው ግን ብዙዎች ሥራ እንደ ፈታ ሰው ይመለከቱታል። በሞተር ብስክሌት ተፈናጥጦ፣ የሚወደው ባንድ በሚጫወትበት ቀን ለመድረስ አገር የሚያቋርጠው የዛሬ ወጣት ከዚህ ትችት አያመልጥም። በአሜሪካ ከ1965 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. የቆየውን ‹ግሬትፉል ዴድ› የተባለውን ባንድ ከከተማ ወደ ከተማ እየተከተሉ የኖሩ አድማጮች እንደ ነበሩ ስንሰማም፣ ነገሩ ከባዕድ የመጣ አዲስ ልማድ ይመስለናል። ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን፣ ለዜማ ሲባል አገር ማቋረጥ በኢትዮጵያ ከመዝናናት አልፎ ራሱን የቻለ የትምህርት ሥርዐት ሆኖ የኖረ፣ ሊቃውንትን የወለደ ጥንታዊ ጉዞ ነው፤ ከጉዞውም መድረሻዎች እጅግ የታወቁት በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንትና በእስቴ ምድር ይገኛሉ።

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት በአንድ ደብር ተጠቃሎ አይገኝምና ጉዞው ግድ ነው። እያንዳንዱ ጉባኤ የራሱ አገር አለው፤ ቅዳሴን የሚሻ ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ፣ አቋቋምን የሚሻ ወደ ጎንደር፣ የተክሌን ስልት የሚመርጥ ወደ ደብረ ታቦር፣ ቅኔን የተጠማ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ሲሄድ፣ ድጓን ለማስመስከር የሚፈልገው ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን የሚፈልገው ወደ ዙር አባ ይጓዛል፤ እነዚህም ሁለቱ መካናት በጋይንት ናቸው። በእስቴ ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ አለ፤ በስሙ የሚጠራው የቆማ ዜማ ከቤተልሔም፣ ከአጫብርና ከተጉለት ስልቶች ጋር አብሮ የሚቆጠር፣ የራሱ ለዛ ያለው ስልት ነው። ከነዚህ ሁሉ ዛሬ በአብዛኞቹ አድባራት የሚሰማው የቤተልሔም ዜማ ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት በበዓል ሌሊት ቆሞ ማኅሌት የሚሰማ ምእመን፣ ስፍራውን ዐይቶት ባያውቅ እንኳ፣ የጋይንትን ድምፅ ሲሰማ ያድራል ማለት ነው።

ድጓ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደ ኖረ የሚነገርለት የቅዱስ ያሬድ መጽሐፍ ሲሆን፣ ዮሐንስ፣ አስተምህሮና ፋሲካ በሚባሉ ክፍሎች የዓመቱን በዓላት በሙሉ ይከተላል። ጾመ ድጓ የዐቢይ ጾም ነው፤ ምዕራፍ የዘወትሩን ጸሎት ከዳዊት መዝሙር ጋር ያስማማል፤ ዝማሬ ከቍርባን በኋላ የሚዜም ሲሆን፣ መዋሥዕት ለሙታን መታሰቢያ ይሆናል። ሁሉም የሚዜሙት በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ነው። የሊቃውንቱ ትውፊት እንደሚለው ቅዱስ ያሬድ ዝማሬን የደረሰው በዙር አባ ነው፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ወደ ዜማው መወለጃ ጭምር እንደሚሄድ ያምናል።

ታዲያ መጽሐፉ እያለ መንገዱ ለምን አስፈለገ? መልሱ በምልክቱ ጠባይ ላይ ነው። ከጥንት የወረዱት ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ከንባቡ ጋር በቀጭን ብርዕ የሚሰፍሩ ጥቃቅን ምልክቶች ሲሆኑ፣ ድርስና አንብር በኋላ ተጨምረዋል፤ ይህንንም የምልክት ሥርዐት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ከጋይንትና ከስማዳ በበሽሎ ማዶ ባለችው በሳይንት ተድባበ ማርያም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንዳደላደሉት ይተረካል። ከነዚህ ሌላ በንባቡ ላይ የሚጻፉ ታናናሽ ፊደላት አሉ፤ እነዚህ ፊደላት ስለ ድምፁ ከፍታና ዝቅታ የሚነግሩን ነገር የለም፤ ‹ይህን ቃል በዚያ በምታውቀው ዜማ በለው› ብለው ወደ ሌላ ቃል ይመራሉ እንጂ። ስለዚህ ያን ሌላውን ዜማ ቀድሞ በቃሉ ያልያዘ ሰው ምልክቱን ቢያይ ከማየት በቀር ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ለማያውቅ ግን ዝም ይላል። ዕውቀቱ በመምህሩ ጕሮሮ ስላለ፣ ተማሪው ወደ መምህሩ ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም።

አካሄዱም እንዲህ ነበር። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ወይም ከትግራይ የተነሣው ወጣት፣ ብዙ ጊዜ ብቻውን፣ አንዳንዴም ለቤተ ሰቡ እንኳ ሳይናገር፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በእግሩ ይወጣል፤ በሚያድርበት መንደር ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ብሎ ከየደጁ ቁራሽ ይለምናል። ከጉባኤው ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር ጎጆ ይቀልሳል፤ ቀን ይቀጽላል፤ ሌሊት የተማረውን ቀለም በቃሉ ይደግማል፤ በትርፍ ጊዜው ብራና ዳምጦ የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል። ይህን ሁሉ በሌላ አገር ፈጽሞ የመጣው ደግሞ በቤተልሔም ወንበር ፊት ቀርቦ፣ ያጠናውን በመምህሩ ጆሮ ያሰማል፤ ከአገሩ ያመጣው ዜማ ከቤተልሔም ዜማ የራቀ እንደ ሆነ ይታረማል፤ መጽሐፉም እንዲሁ። የድጓ መምህር ለመሆን የሚበቃው በዚህ ዐይነት ተመስክሮለት ሲመለስ ነው።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ጉዞ ያደረገ ታላቅ ሰው ነበር። ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1705 እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር፣ በኦርጋን ተጫዋችነት ከሚያገለግልበት ከአርንሽታት ከተማ ተነሥቶ፣ ዲትሪኽ ቡክስተሁደ የተባለውን ሊቅ ለመስማት እስከ ሉቤክ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንደ ሄደ፣ የተሰጠው ፈቃድ የአራት ሳምንት ሆኖ ሳለ አራት ወር ያህል እንደ ቆየ ታሪኩ ይናገራል። ሲመለስ አለቆቹ የገሠጹት ስለ መቆየቱ ብቻ አይደለም፤ በመዝሙሩ ውስጥ ያልተለመዱ እንግዳ ድምፆች እያስገባ ምእመናኑን ግራ አጋብቷል ተብሎም ጭምር ነው።

የሁለቱ መንገደኞች ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ባኽ የሄደው የራሱን ዜማ ለመለወጥ ሲሆን፣ የቤተልሔሙ ተማሪ የሄደው በርቀትና በጊዜ ብዛት ሳያውቀው የለወጠውን ለመመለስ ነው። ሁለቱም ወደ ሕያው ሊቅ ተጕዘዋል፤ ሁለቱም ከመንገዱ ይልቅ በመቀመጡ ተጠቅመዋል፤ አንደኛው ግን አዲስ ነገር ይዞ በመመለሱ ሲከሰስ፣ ሌላው የሚመሰከርለት አዲስ ነገር ሳይጨምር ሲመለስ ነው። በተራራና በገደል የተከፋፈለች፣ ለረጅም ዘመን የመኪና መንገድና የማተሚያ መሣሪያ ያልነበራት አገር አንድን ዜማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይህን ያህል አንድ አድርጋ ያቆየችው፣ ሊቃውንቷ ዜማቸውን ይዘው ወደ አንድ ስፍራ እየሄዱ ስለሚታረሙ ነው። መንገዱ ራሱ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ዛሬ ይህን መንገድ በሞተር ብስክሌት ለመጓዝ የሚያስብ ዜማ ወዳድ ቢኖር፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከዚያም በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት ርዳታ በተሠራውና ወደ ጋሸናና ወደ ወልድያ በሚዘልቀው ጎዳና የጉናን ተራራ ተጠግቶ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና የሚልክ ተራራ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ ካርቡራተር ያለው ሞተር ቤንዚን በዝቶበት አየር ያጥረዋል፤ ጕልበቱም በዚያው መጠን ይደክማል፤ ካንዴላውም ቶሎ ይጠቁራል። ስለዚህ ነጂው ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ታግሦ መውጣት፣ ቍልቍለቱንም በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽ ይዞ መውረድ ይገባዋል። ከዋናው ጎዳና ተለይቶ ወደ ታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ወደ ስማዳ ወገዳ ወይም ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ሲዞር፣ ክረምት የነካው አፈር ጎማ እንዳይሽከረከር አድርጎ ይይዛል፤ የቤንዚን ማደያም እንደ ልብ ስለማይገኝ ትርፍ በጀሪካን መያዝ ብልህነት ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ካስከተለው ሥጋት የተነሣ፣ ማንኛውም መንገደኛ የአገሩን ሰው አስቀድሞ ሳይጠይቅ ሊነሣ አይገባውም።

ባንድ ለማየት የሚሄድ ሰው የዝግጅቱን ቀን ከማስታወቂያ ሲያገኝ፣ ወደ ማኅሌት የሚሄድ ሰው ቀኑን የሚያገኘው ከባሕረ ሐሳብ ነው። በዐቢይ ጾም የደረሰ መንገደኛ ጾመ ድጓን በመቋሚያ ዝማሜ ብቻ ይሰማል እንጂ ከበሮና ጸናጽል አያገኝም፤ ይህም ለሚያስተውል ጆሮ የራሱ ጸጋ አለው። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ዘመነ ክረምት ለመንገድ አስቸጋሪ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው በዘመነ ጽጌ ግን ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ በየሳምንቱም ሌሊቱን ሙሉ የአባ ጽጌ ድንግል ድርሰት የሆነው ማኅሌተ ጽጌ ከያሬድ ዜማ ጋር ተስማምቶ ይቆማል። ለሞተር ነጂና ለማኅሌት ወዳድ እኩል የሚመች ወቅት ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ቤተልሔም የደረሰ ሰው ዐይኑም የሚያርፍበት ነገር አለው። ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ የሆነው ቤተ ክርስቲያን በውስጡ በእንጨትና በድንጋይ የተገነባ፣ የአክሱምን የአሠራር ጥበብ የሚከተል፣ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ሕንፃ ይዟል፤ ይህንንም ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት ተጓዥ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ አይቶ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለውጭው ዓለም አስታውቋል። አሮጌው ሕንፃ በአዲሱ ውስጥ ሳይፈርስ መኖሩ፣ በዚያው ግቢ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው።

እንግዳው ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በቅኔ ማኅሌት በኩል ለሊቃውንቱ ቦታ ትቶ ይቆማል፤ መምህሩን ‹የኔታ› ብሎ፣ ጕልበት ስሞ፣ ሊቀዳ ያሰበው ድምፅ ካለ ‹ይፈቅዱልኛል?› ብሎ ይጠይቃል። ጭብጨባ የለም፤ ማኅሌቱ ለእርሱ ሲባል አልተቆመምና፣ ቢያደንቅም ባያደንቅም ሊቃውንቱ መዝሙራቸውን ይቀጥላሉ። ከባንድ መድረክ የለመደ አድማጭ መጀመሪያ የሚቸገረው በዚህ ነው።

ዛሬ ድጓ ታትሟል፤ የመምህራን ድምፅም በስልክ ተቀድቶ በየቦታው ይዞራል፤ ስለዚህ አንዳንድ ሰው መንገዱ ከእንግዲህ አላስፈላጊ ሆነ ሊል ይችላል። የተቀዳ ድምፅ ግን ትክክለኛውን ያሰማል እንጂ የሰሚውን ስሕተት አይሰማም፤ ‹እዚህ ላይ ደረትህን ከፍ አድርግ፤ ያንን ርክርክ አሳጠርኸው› ብሎ የሚመልሰው ተማሪውን እያየ የሚያዳምጥ መምህር ብቻ ነው። የእግር መንገዱ በጎማ ቢተካ፣ ቁራሹም በተሻለ ምግብ ቢለወጥ፣ ዜማው የሚጎዳበት ምክንያት የለም፤ ተማሪን በረኀብና በውሻ ማስፈራራት የያሬድ ትእዛዝ አልነበረምና። የሚጎዳው፣ ፈጥኖ መድረስ ፈጥኖ መመለስን ያስከተለ እንደ ሆነ ነው። በመሆኑም ወደ ጋይንት ለዜማ የሚነሣ ሰው፣ ተማሪም ይሁን አድማጭ፣ ጉዞውን ሲያቅድ ለመንገዱ ከመደበው ቀን የሚበልጥ ለመቀመጫው ይመድብ።