ሙጫ የሚረጋው መቼ ነው? ከዋግ ዕጣን እስከ ኤፖክሲ

ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ አበርገሌ ቆላ፣ ወደ ተከዜም የወረደ መንገደኛ የዕጣን ዛፍ ሳያይ አይመለስም። በበጋ ወራት ልጡ በስለት ሲነካ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ከቁስሉ ይመነጫል፤ በመጀመሪያ ይንጠባጠባል፣ ቀጥሎ ይዝለገለጋል፣ ከቀናት በኋላም ለቃሚው በእጁ ፈልቅቆ የሚያነሣው ጠጣር እንክብል ይሆናል። ይህን የምናነሣው ስለ ዕጣን ንግድ ለመጻፍ አይደለም። ፈሳሽ ሙጫ እንዴትና በስንት ጊዜ ይጠጥራል የሚለው ጥያቄ የመሐንዲሶችም ዐቢይ ጥያቄ ስለ ሆነ ነው።

ዕጣን የሚጠጥረው በውስጡ ያለው ተናኝ ዘይት ወደ አየር እየሄደበት ነው። ፍም ላይ ሲጣል መልሶ ይለዝባል፤ መዓዛውም የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ኤፖክሲ የሚባለው ሰው ሠራሽ ሙጫ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የሚሸጠው በሁለት ዕቃ ሲሆን፣ በአንደኛው ሙጫው፣ በሁለተኛው ማጠንከሪያው ይገኛል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚተን ነገር ሳያስፈልግ ሞለኪውሎቻቸው እርስ በርስ እየተያያዙ መረብ ይሠራሉ። መረቡ አንዴ ከታሰረ እሳት ያከስለዋል እንጂ አያቀልጠውም።

የተለመደው የኤፖክሲ ሙጫ ገና ሳይቀላቀል፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ዝልግልግነቱ ከውሃ 12,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ከማር ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። የዋግ ማር በብርድ ጧት ከማሰሮው አልወርድ ብሎ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚፈስ፣ ኤፖክሲም ሲሞቅ ይቀጥናል። ነገር ግን ያው ሙቀት መያያዙንም ያፋጥነዋል። ስለዚህ ድብልቁ እየሞቀ ሲሄድ ዝልግልግነቱ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ዝቅ ብሎ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያም ሽቅብ ይወጣና ልክ ወተት ወደ እርጎ እንደሚለወጥ ድንገት ይረጋል። ከረጋ በኋላ ማንም አያፈሰውም።

ይህን ቅጽበት አስቀድሞ ማስላት ይቻላልን? አሜሪካዊው ኬሚስት ፖል ፍሎሪ በ1941 እ.ኤ.አ. እንደሚቻል አሳየ። ሁለት መያያዣ ያለው ኤፖክሲ አራት መያያዣ ካለው ማጠንከሪያ ጋር በልኩ ቢቀላቀል፣ ከመቶ 58 ያህሉ መያያዣ ሲያያዝ ይረጋል። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካስትሮና ማኮስኮ ድብልቁ ከዚህ ነጥብ ምን ያህል እንደሚርቅ ተመልክቶ ዝልግልግነቱን የሚተምን ቀመር አወጡ። ቀመሩ የወጣው ለሌላ ዐይነት ፕላስቲክ ነበር፤ ለኤፖክሲም አገልግሏል።

ይህ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስል አውሮፕላን እንመልከት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ተረከበ። የዚህ አውሮፕላን አካል በክብደት ግማሽ ያህሉ ድርብ ቁስ፣ በአብዛኛውም የካርቦን ክርና የኤፖክሲ ሙጫ ነው። ክፍሎቹ በሙቀትና በግፊት ሲበስሉ፣ ሙጫው ከመርጋቱ በፊት በክሩ መካከል ሞልቶ አየሩን ማስወጣት አለበት። ቀድሞ ከረጋ በውስጡ ባዶ ቀዳዳ ይቀራል፤ ክፍሉም ለበረራ አይበቃም።

ለአገር ቤት ሠራተኛም ጉዳዩ ያው ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመያያዙ ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። በሰቆጣ፣ በ20 ዲግሪ፣ 40 ደቂቃ የሚያሠራ ድብልቅ፣ በአበርገሌ ቆላ በ30 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ብዙ አያልፍም። የመጠኑም ነገር አለ። እኛው ራሳችን አንድ ጊዜ ጊዜ ለመቆጠብ ብለን አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ቀላቅለን፣ ሻይ ጠጥተን ብንመለስ፣ ጭስ የሚወጣው ድንጋይ ጠበቀን። ሲያያዝ የሚወጣው ሙቀት ከቆርቆሮው መውጫ አጥቶ ራሱን ያፋጥናል። ያው ድብልቅ በሰፊ ሳህን ላይ በስሱ ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከሻዩ በኋላም ሊያሠራን ይችል ነበር።