የዝናቡ 24 ሰዓት ከየት ይጀምራል?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰውን ናዳ የሚረሳው የለም። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። ከናዳው በፊት ከባድ ዝናብ ነበር። ጎፋ ደግሞ ጎረቤታችን ነው፤ ጨንቻም ዲታም ቦንኬም የሚታረሰው ተዳፋት ላይ ነው።

ታዲያ «ዛሬ ከመጠን በላይ ዘንቧል» የሚባለው እንዴት ተቆጥሮ ነው?

በእጅ የሚነበብ የዝናብ መለኪያ በተለምዶ በቀን አንዴ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበባል። ለመዝገብ አሪፍ ነው፣ ለማስጠንቀቂያ ግን ጉድ ይሠራል። ለምሳሌ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀትር 6 ሰዓት 70 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል። ደብተሩ ላይ 35 በትናንት፣ 35 በዛሬ ይጻፋል። የአደጋው መስመር 50 ከሆነ ማንም አይደነግጥም። ተራራው ግን 70ውንም ጠጥቷል።

አውቶማቲኩ መለኪያ ውስጥ ሚዛን ላይ እንደተቀመጡ ሁለት ማንኪያዎች አሉ፤ አንዱ ሞልቶ ሲደፋ ሌላው ይተካል። አንዴ ሲደፋ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 70 ሚሊ ሜትር 350 ጊዜ መድፋት ነው።

አሁን ሲቀላ ላይ ወደ ሴቻ ለመጫን ተራ የያዙ ባጃጆችን አስቡ። አዲስ የመጣ ከኋላ ይቆማል፣ ቀድሞ የመጣ ከፊት ይወጣል። ፕሮግራሙም ማንኪያው በተደፋ ቁጥር ሰዓቱን ከወረፋው ኋላ ያስገባል። ከፊት ያለው 24 ሰዓት ካለፈው ያስወጣዋል፣ ቀጣዩንም እንዲሁ፤ ያላለፈው ላይ ሲደርስ ያቆማል። ሁሉም በቅደም ተከተል ስለገቡ ከዚያ ወዲያ ማየት አያስፈልገውም። የቀሩት ብዛት በ0.2 ሲባዛ የመጨረሻው 24 ሰዓት ዝናብ ነው። በየትኛውም ደቂቃ ጠይቁት፣ ይመልሳል።

ኮድ የምትጽፉ እዚህ ጋ ልብ በሉ። ማስወጣቱን አዲስ ሲገባ ብቻ ካደረጋችሁት፣ ዝናቡ ሲያቆም ወረፋውም ባለበት ይቀራል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ፀሐይ ወጥቶም «70» ይላል። ሁለት ሦስቴ በውሸት ደወል ልጆቹን ይዞ ከቤቱ የወጣ ገበሬ በአራተኛው አይወጣም። ስለዚህ ቁጥሩ ከመነበቡ በፊት ሁሌም ያረጀው ይውጣ።

24 ሰዓት ብቻም አይበቃም። ለቀናት የራሰ አፈር በትንሽ ዝናብ ሊናድ ይችላል፤ የ3 እና የ10 ቀን ወረፋ ጎን ለጎን መያዝ ያዋጣል። 50 ያልነውም ለምሳሌ ነው፤ መስመሩ የሚወጣው የየቦታው አፈር፣ ቁልቁለትና ያለፉ ናዳዎች ተጠንተው ነው፣ የዶርዜው ለቦንኬ ላይሠራ ይችላል።