ቀዝቃዛ ውሃ ለጎረቤታችን

አንድ እሑድ ጠዋት የሆነውን ላካፍላችሁ። አቃቂ ቃሊቲ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሕይወት ውሃ እየዘመርን ሳለ፣ አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ወደ ግቢያችን መጣች። በሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ቀናት ተቆጥረዋል። እኛ ግን ትልቅ ሮቶ ሙሉ ውሃ ነበረን። ጥበቃው "ውሃ አይቀዳም ተብሏል" ብሎ መለሳት። ትእዛዙን ከራሱ አላመጣውም። "ሂሳቡ በዛ፣ ግቢውም ጨቀየ" ብለን ያዘዝነው እኛው ነን፤ እኔም አንዷ ነበርኩ።

ከፕሮግራም በኋላ ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። ጌታችን አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሰጥ እንኳ ዋጋው እንደማይጠፋበት ተናግሯል (ማቴ. 10፥42)። ከልክለን የመለስናትስ?

ከታች በረከት፣ ከላይ ቆሻሻ

የአቃቂ ነገር ያስገርማል። ከእግራችን በታች፣ እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ድንጋዮች መካከል ብዙ ውሃ ተከማችቷል። ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች በፓምፕ የሚሳበው ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ጋር አዲስ አበባን ያጠጣል። ፓምፑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነውና መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይቋረጣል። እንዲህ ሆኖ ነው ውሃ ላይ የተቀመጠ ሰፈር ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው።

ከምድር በላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የቤቱን ፍሳሽና የፋብሪካውን ዝቃጭ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በወንዞቹ ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ገልጸዋል። ላይኛው ሰፈር የጣለውን ታችኛው ይቀበላል። የተበከለ ውሃ የሚያመጣውንም በ2008 ዓ.ም. አተት በከተማችን በተነሣ ጊዜ አይተናል።

ያልተጣሉበት ጉድጓድ

የይስሐቅ አገልጋዮች ጉድጓድ በቆፈሩ ጊዜ የአገሩ እረኞች "ውሃው የእኛ ነው" ብለው ሁለት ጊዜ ተጣሏቸው። ይስሐቅ ግን ከቦታው እልፍ ብሎ ሌላ አስቆፈረ። ሦስተኛው ላይ ጠብ አልነበረም፤ ስሙንም ርኆቦት አለው፤ ሰፊ ስፍራ ማለት ነው (ዘፍ. 26)።

ጉዳዩን ለሽማግሌዎች ባቀረብን ጊዜ "ታዲያ ሂሳቡን ማን ይክፈል?" የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። በመጨረሻ በሳምንት ሦስት ቀን በሩ እንዲከፈት፣ ለአንድ ቤት ሁለት ጀሪካን እንዲቀዳ፣ እህቶች በተራ ወረፋ እንዲያስይዙ ተስማማን። ሂሳቡ ጨምሯል፤ በወረፋ የተጨቃጨቁም አሉ። ቢሆንም በሩ አልተዘጋም። ስማቸውን የማናውቃቸው ጎረቤቶቻችንን ዛሬ በስም እንጠራቸዋለን።

ከቤታችን እንጀምር

• የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እናሠራ። በሴኮንድ አንድ ጠብታ ብቻ ቢፈስ እንኳ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይሞላል።

• ልብስ ያለቀለቅንበትን ውሃ ለወለልና ለሽንት ቤት እናውለው። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ የሚወርደውን ዝናብ ለእጥበት እናጠራቅም።

• የመጠጥ ውሃ በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ እጅ አይግባበት።

• ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ እናፍላው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። የውሃ ማከሚያ ስንጠቀምም ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠንና የመቆያ ጊዜ እንጠብቅ።

• ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ የፋብሪካ ኬሚካል አያስወግድም። ስለዚህ የወንዙን ውሃ ብናፈላውም ለልጆቻችን አንስጥ።

• ቆሻሻና የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ አንድፋ። ከእኛ በታች የሚጠቀም ወገን አለ።

ጌታችን አምስት ሺውን ሕዝብ ካጠገበ በኋላ የተረፈው እንዳይባክን እንዲሰበሰብ አዘዘ (ዮሐ. 6፥12)። ማብዛት የሚችል አምላክ ብክነትን ካልወደደ፣ ወረፋ ጠብቀን የምንቀዳ እኛማ እንዴት እንጠንቀቅ!

ያቺ እናት እስካሁን ተመልሳ አልመጣችም። ሰው በጀሪካን በተሰለፈ ቁጥር ልጅ ያዘለች ሴት ሳይ "እርሷ ትሆን?" እላለሁ። ይቅርታ ልጠይቃት፣ ጀሪካኗንም በእጄ ልሞላላት እጸልያለሁ። እናንተስ በራችሁ ላይ ማን ቆሟል? ጌታ ዓይናችንን ይክፈት። ተባረኩ።