ተመልሶ የሚመጣው ትኩሳት

ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር ጨፍልቆ መግደል የቆየ ልማድ ነው። በሚያገረሽ ትኩሳት ረገድ ግን ትልቁ አደጋ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የተባለው ጠመዝማዛ ባክቴሪያ የሚኖረው በልብስ ቅማል የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ነው። ቅማሏ ስትፈነዳ ፈሳሹ በታከከ ቆዳ ወይም ባልታጠበ ጣት በታሸ ዓይን በኩል ወደ ደም ይገባል። በዚያ ላይ ቅማል በትኩሳት የጋለ ገላ አይመቻትም፤ የታመመውን ትታ አጠገቡ ወደተኛው ትሻገራለች።

ስለዚህ በሽታው የሚበረታው ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበትና የልብስ ቅያሪ በሌለበት ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የቀድሞ ወታደሮች በተሰበሰቡባቸው ካምፖች ተዛምቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በሊቢያ በኩል ባሕር ተሻግረው አውሮፓ በደረሱ የኤርትራ፣ የሶማሊያና የኢትዮጵያ ስደተኞች ላይ ተገኝቷል።

የሚያገረሽ ትኩሳትን መዥገርም ያስተላልፋል፤ የመዥገሩ መንገድ ግን ሌላ ነው። በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ቦሬሊያ ዱቶኒ የተባለውን ባክቴሪያ የሚያስተላልፈው መዥገር ቀን በግድግዳ ስንጥቅና በወለል አፈር ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥና ይመለሳል። ንክሻው ብዙም ስለማያም የተኛው ሰው አይነቃም። መዥገሩ ባክቴሪያውን ለዓመታት ተሸክሞ ይኖራል፣ በእንቁላሉም ለልጆቹ ያወርሳል፤ ቅማል ይህን አታደርግም። ባክቴሪያው ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ዳተን ሲሆን፣ እሱም በሽታውን ኮንጎ ውስጥ ሲያጠና በ1905 እ.ኤ.አ. በዚሁ ትኩሳት ሞተ።

ትኩሳቱ የሚያገረሸው ባክቴሪያው የላይ ሽፋኑን ፕሮቲን ስለሚቀያይር ነው። ሰውነት የመጀመሪያውን ሽፋን ለይቶ አንቲቦዲ ሲያመርት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ያልቃሉ፤ ትኩሳቱ በላብ ይወርዳል፣ በሽተኛውም ዳንኩ ብሎ ይነሳል። ሌላ ሽፋን የለበሱ ጥቂቶች ግን ያመልጣሉ። እነሱ ሲባዙ፣ ብዙ ጊዜ ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። በቅማል የሚመጣው ዓይን ቢጫ ሊያደርግ፣ ነስርም ሊያስከትል ይችላል፤ ሳይታከም ከቀረም ሊገድል ይችላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በቅማል የሚመጣውን ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን በአንድ ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል። ነገር ግን ባክቴሪያዎቹ በጅምላ ሲሞቱ ሰውነት ክፉኛ ይቆጣል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ይወርዳል። ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው ኢትዮጵያ ውስጥ አጥንተው በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ቲኤንኤፍ የተባለውን የሰውነት ኬሚካል የሚያግድ አንቲቦዲ ከፔኒሲሊን በፊት ሲሰጥ ይህ ቁጣ ከ20 በሽተኞች 10ሩን ብቻ ያዘ፤ አንቲቦዲውን ካልወሰዱት 29 ግን 26ቱን ያዘ። ይህ አንቲቦዲ በሌለበት ጤና ጣቢያ ግን መርፌ የተወጋውን ሰው ወዲያው ወደ ቤቱ መሸኘት ተገቢ አይደለም፤ ግፊቱን እየለኩ ማቆየት፣ እስከዚያውም ልብሱን መቀቀል ያስፈልጋል።